ተገዳችሁ እንዳትሸጡ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት የቤትና የሕንፃ ዋጋ በመገመት ነው። ገዢ ይጠራኛል፣ ሻጭ ይጠራኛል፣ አበዳሪም ይጠራኛል። ካየኋቸው ቤቶች ሁሉ እስካሁን የሚያሳዝኑኝ ደህና ሆነው ሳለ ባለቤታቸውን ቀን ጥሎት በርካሽ የተሸጡት ናቸው። የመጀመሪያ የኪራይ ቤታችሁን ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ከምንም በፊት የምለው ይህንኑ ነው፤ መቼም ተገዳችሁ እንዳትሸጡት አድርጋችሁ ግዙ።

"የቤት ዋጋ ምን ጊዜም ይጨምራል" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አትመኑት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ድረስ የቤት ዋጋ በአማካይ ከሩብ በላይ ወርዷል። ጃፓን ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው የመሬት ዋጋ ቁልቁለት ከአሥር ዓመት በላይ ዘልቋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ፣ ኪራዩ ወጪውንና ብድሩን የሚሸፍንለት ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይችላል። ያልሸፈነለት ግን ከደመወዙ እየጨመረ ይቆይና አንድ ቀን ደመወዙ ሲቋረጥ ቤቱ ሐራጅ ይወጣል።

ስለዚህ ስሌቱን ከኪራይ ጀምሩ። አንድ ቤት 1 ሚሊዮን ይሸጣል፣ በወር 10 ሺህ ይከራያል እንበል። በዓመት 120 ሺህ ማለት ነው። ጀማሪው እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ቤቱ ግን ባዶ የሚቀመጥባቸው ሳምንታት አሉ። ግብር አለ፣ መድን አለ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ጣሪያ አለ። ልምድ ያላቸው አከራዮች ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ግማሽ ያህሉ ለእነዚህ ይወጣል ብለው ያሰላሉ። አዲስ ቤት ከሆነ ወጪው ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ግምት ግን እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ። የቀራችሁ 60 ሺህ ነው፤ ከዋጋው 6 በመቶ።

አሁን ብድሩን አምጡት። 200 ሺህ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ 800 ሺህ በ10 በመቶ ወለድ፣ ለ20 ዓመት ብትበደሩ ወርሃዊ ክፍያው 7,720 ገደማ ነው። በዓመት ከ92 ሺህ በላይ። ቤቱ የሚያስገባላችሁ 60 ሺህ ነው። በየወሩ 2,700 ያህል ከሌላ ቦታ ልታመጡ ነው። ወለዱ የሚለዋወጥ ሆኖ ወደ 12 በመቶ ከፍ ካለ ደግሞ ክፍያው ከ8,800 ያልፋል። ቤቱ 6 በመቶ እያስገባ ብድሩ 10 በመቶ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ብዙ በተበደራችሁ ቁጥር ብዙ ትጎዳላችሁ። እንዲህ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው ዋጋው ይጨምራል በሚል ተስፋ ብቻ ነው የሚገዛው። ለጀማሪ ይህን በፍጹም አልመክርም። ዋጋ ተደራደሩ፣ ቅድሚያ ክፍያችሁን አሳድጉ፣ ካልሆነም ተዉት።

በብድር መግዛት ትርፍን እንደሚያበዛ ሁሉም ያወራል። ኪሳራንም ያበዛል። ከላይ ባለው ምሳሌ የቤቱ ዋጋ በ10 በመቶ ብቻ ቢወርድ፣ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ግማሹ ሄደ።

ያላችሁን ሁሉ ለቅድሚያ ክፍያ አታራግፉ። ቢያንስ የስድስት ወር የብድር ክፍያና ወጪ ለብቻው ይቀመጥ። የውሃ ማሞቂያው የሚበላሸው፣ ተከራዩም የሚለቀው እናንተ በተመቻችሁ ቀን አይደለም።

ቤቱን ዝናብ በጣለ ማግስት እዩት። ከጣሪያው ሥር እርጥበት እንዳለ፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳም እንዳለ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አዲስ ቀለም እርጥበትን ሊሸፍን ይችላልና። ቤቱን ለሚመረምርላችሁ መሐንዲስ የምትከፍሉት ክፍያ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። የባለቤትነት ሰነዱን ደግሞ ሻጩ ባሳያችሁ ኮፒ አትመኑ፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ሄዳችሁ ዕዳ፣ እገዳ ወይም የውርስ ክርክር እንደሌለበት አረጋግጡ። ገና ባልተሠራ ቤት ላይ የምትከፍሉ ከሆነም ክፍያው ግንባታው በደረሰበት ልክ ይሁን።

ስለ ተከራይ ትንሽ ልበል፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉና። በሰዓቱ የሚከፍልና ቤቱን በደንብ የሚይዝ ተከራይ አላችሁ እንበል። ኪራዩን በ5 በመቶ ጨመራችሁበት፤ ለቀቀ። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ከዋለ 10 ሺህ አጣችሁ። አዲሱ ተከራይ በወር 500 ጨምሮ ቢከፍል እንኳ ያን ለመመለስ 20 ወር ያስፈልጋል። ጥሩ ተከራይን አክብሩ። ሲደውል ስልኩን አንሱ፣ የተበላሸውን ቶሎ አሠሩለት። እሱም ቤተሰቡን የሚያኖርበት ቤት ነው።

ደላላው "ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል" ካላችሁ ይምጣ። ብድሩ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ግን አበዳሪውን ረጋ ብላችሁ ጠይቁት። ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ይለዋወጣል? ቀድሜ ብከፍል ቅጣት አለው? አንድ ወር ባዘገይስ? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ውሉ ውስጥ የትኛው አንቀጽ ላይ እንዳለ በጣቱ ያሳያችሁ።