ክፍት የቀረ መስኮት፣ ያልቆመ ሞተር

ልጆቼ፣ ከባቦጋያ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ሠልጥናችሁ መርከብ ላይ ልትወጡ የተዘጋጃችሁ፣ የባሕር ፈንጂ የድሮ ጦርነት ወሬ አይምሰላችሁ። ወደ ጅቡቲ የምትመላለሱበት ቀይ ባሕር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ፈንጂ ተጥሎበት 19 ያህል መርከቦች ተጎድተዋል።

በመልሕቅ የሚጠመደው ፈንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። ከባዱ ክፍል ባሕሩ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ፈንጂው በሽቦ ገመድ ተይዞ ከውኃው ገጽ ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ከፈንጂው ላይ ወጣ ወጣ ያሉት ቀንዶቹ እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠሩ ናቸው። መርከብ ሲነካቸው እርሳሱ ይጎብጣል፣ ውስጡ ያለው ብልቃጥ ይሰበራል፣ አሲዱም ወደ ባትሪው ይፈስሳል። ባትሪው ኃይል የሚያመነጨው ያኔ ስለሆነ ለዓመታት ውኃ ውስጥ ቢቆይም አይደክምም። «አሮጌ ነው» ብላችሁ እንዳትጠጉት።

ኒያጋራ የተባለው የመንገደኞች መርከብ እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1940 ከኒውዚላንድ ወደብ ከኦክላንድ ወጥቶ ሲጓዝ፣ ኦሪዮን የተባለው የጀርመን መርከብ ከጥቂት ቀናት በፊት የጠመደው ፈንጂ ጎሕ ሳይቀድ መታው። 8 ቶን ያህል ወርቅ ጭኖ ነበር። ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሰጠመ፤ ነገር ግን ከተሳፈሩት ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም። ሁሉም በጀልባ ወረዱ።

ከዚያ 24 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1916፣ ብሪታኒክ የተባለው የሆስፒታል መርከብ በግሪክ ኬያ ደሴት አጠገብ ፈንጂ መታው። ከኒያጋራ እጅግ የገዘፈ መርከብ ነው፤ በ55 ደቂቃ ሰጠመ። ወደ ክፍሎቹ አየር ለማስገባት የተከፈቱት መስኮቶች መርከቡ ሲያዘነብል ውኃ ውስጥ ገቡ፣ ሊዘጉ የሚገባቸው በሮችም ሁሉ አልተዘጉም። ካፒቴኑ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለማድረስ ሞተሩን እያስኬደ ሳለ ሁለት ጀልባዎች ያለ ትእዛዝ ወረዱ። የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ጎትቶ ፈጫቸው። ከሞቱት 30 ሰዎች አብዛኞቹ እዚያ ላይ ናቸው። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ፍንዳታውን ተርፈው መሞታቸው ነው።

ስለዚህ ፈንጂ ባለበት ባሕር ስትሄዱ ውኃ የማያሳልፉት በሮችና መስኮቶቹ ተዘግተው ይቆዩ። ሥራ የሌለው ሰው ከውኃው መስመር በታች አይተኛ። ስትቆሙ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፤ ወለሉ ከታች ሲመታ የተገተረ እግር ይሰበራል። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጥሪ ስትሰሙ ላይፍ ጃኬታችሁን ይዛችሁ ወደ ተመደባችሁበት ቦታ ሂዱ፤ መርከቡ ካልቆመና ካፒቴኑ ካላዘዘ ጀልባ አትንኩ። መብራት ይጠፋል። የአደጋ ጊዜ ጄነሬተሩ እስከ 45 ሴኮንድ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ከአልጋችሁ እስከ መሰላሉ ያለውን መንገድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱት።

ሞተር ክፍል የምትመደቡት ደግሞ አንድ ቫልቭ አደራ። ክፍሉ በውኃ ሲሞላ ትልቁ ፓምፕ ከባሕር መሳቡን ትቶ ከክፍሉ ወለል እንዲስብ የሚያደርገው ነው። መጀመሪያ እሱን ክፈቱ፣ ከዚያ የባሕሩን መግቢያ ዝጉ። በብዙ መርከብ ላይ ይህ ቫልቭ ቀለም በቀለም ላይ ተቀብቶ፣ ዘንጉ ዝጎ፣ የሚዞርበት እጀታ አልዞር ይላል። መርከቡ ላይ በወጣችሁበት ሳምንት ቀለሙን ከዘንጉ ጥርስ ላይ ፍቁ፣ ግሪስ ቀቡት፣ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ዝጉት።