ከሦስቱ የሶላር ፕሮፎርማ የቱን ልምረጥ ላልሽው

እህቴ፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ቤትሽ ውስጥ ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ ስምንት አምፖል፣ ዋይፋይ፣ ሁለት ላፕቶፕና አልፎ አልፎ የምትሠራ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ። መብራት እየሄደ አስመርሮሻል። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አመጣሽ። አንደኛው ርካሹ ነው፤ ሦስት ባለ 450 ዋት ፓኔል፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ፣ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የባትሪውንና የፓኔሉን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት ኃይል የሚቀይረው)። ሁለተኛው ዋጋው የዚያ እጥፍ ነው፤ አራት ፓኔል፣ 48 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም ባትሪ፣ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ፓኔሉን፣ ባትሪውንና መስመሩን አንድ ላይ የሚያስተዳድር)። ሦስተኛው ዋጋው መሃል ላይ ነው፤ ስምንት ፓኔል አለው፣ ባትሪ ግን የለውም። «የቱ ያዋጣኛል?» ነው ያልሽው።

እኔ ቤቴን በሶላር ካስኬድኩ ዓመታት ሆኖኛል። ለዘመድ ለጎረቤትም ሲገዛ አብሬ ዞሬያለሁ። ብዙ ፕሮፎርማ ካየሁ በኋላ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ሰው የሚያወዳድረው ታች ያለውን ድምር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን «የምገዛው ለየትኛው ችግሬ ነው?» የሚለው ነው። መብራት ሲሄድ እንዳትጨልሚ ከሆነ፣ ችግርሽን የሚፈታው ባትሪና ኢንቨርተር ነው። ወርሃዊ ሒሳብሽ እንዲቀንስ ከሆነ ደግሞ ፓኔሉ ነው። ሁለቱ አንድ ጣሪያ ላይ ስለሚገናኙ አንድ ዕቃ ይመስላሉ እንጂ የተለያዩ ግዢዎች ናቸው።

በዚህ ሲታይ ሦስተኛው ወዲያው ይወድቃል። ባትሪ የሌለው፣ ከመስመር ጋር የተገናኘ ሶላር መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ፀሐይዋ አናትሽ ላይ እያቃጠለች፣ ስምንቱም ፓኔል እያለሽ፣ ቤትሽ ጨለማ ነው። ብልሽት እንዳይመስልሽ። መስመር ላይ የሚሠራ ሠራተኛ ከእናንተ ጣሪያ በሚመጣ ኃይል እንዳይያዝ ኢንቨርተሩ ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ይህ ዓይነት የሚያዋጣው መብራት ብዙም ለማይጠፋበት፣ ሒሳቡ ለሚያንገበግበውና አቅራቢው ድርጅት ትርፍ ኃይሉን ለሚገዛው ወይም ከሒሳቡ ላይ ለሚቀንስለት ሰው ነው። የአንቺ ነገር ሌላ ነው።

ስለዚህ ፉክክሩ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው። ለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያስፈልጋል።

መካከለኛ ፍሪጅ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። 100 ዋት የሚወስድ ቲቪ 5 ሰዓት ቢበራ 0.5 ነው። ስምንት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል፣ 5 ሰዓት፣ 0.36። ዋይፋዩ 10 ዋት ብቻ ነው፣ ግን ሌት ተቀን ስለሚሠራ 0.24 ይሆናል። ሁለቱ ላፕቶፕ ለ5 ሰዓት 0.6። ማሽኗ በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ዙር ብታጥብ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያዢላት። ድምሩ 3.4 ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋት የሚበላው 1.9 ገደማ ነው። ሌሊቱን የሚሸከመው ባትሪ ስለሆነ ዋናው ቁጥር ይኼኛው ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የማያነሱት አንድ በላተኛ አለ። ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል። ምንም ዕቃ ሳይሰካበት፣ ዝም ብሎ በርቶ ለመቆየት ብቻ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 60 ዋት ይወስዳሉ። በ50 ዋት አስቢው፤ በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት። አንድ ፍሪጅ ማለት ነው! ግማሹን ሌሊት ላይ ስትጨምሪው የሌሊቱ ፍጆታ 2.5 ይሆናል።

አሁን የርካሹን ባትሪ እንየው። ሁለት ጊዜ 12 ሲባዛ በ200፣ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ደስ ይላል። ግን ጄልም ሆነ ሌላ የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲቆይ ከፈለግሽ ከግማሽ በታች ማውረድ የለብሽም። ስለዚህ እጅሽ ላይ ያለው 2.4 ነው። የሌሊትሽ ፍጆታ 2.5። አየሽ? ርካሹ ገና በአዲስነቱ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አይበቃሽም። ያውም ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ባትሪው ሞልቶ ከመሸ ነው። ሊትየሙ 5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሲሆን እስከ 90 በመቶ ድረስ መጠቀም ይቻላል። 4.5 ገደማ ታገኛለሽ። ሌሊቱን አድርሶሽ ለደመናማ ጠዋት ይተርፋል።

ዕድሜውንም እንደዚሁ አስሊው። ጄል በግማሽ እየወረደ ከ500 እስከ 1000 ዙር (ወርዶ መልሶ መሙላት አንድ ዙር ነው) ያህል ይሄዳል። አይረን ፎስፌት የሚባለው ሊትየም ከ3000 እስከ 6000። መሃል መሃሉን እንውሰድ። ጄሉ 2.4 ሲባዛ በ800፣ በዕድሜው ሙሉ 1900 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጥሻል። ሊትየሙ 4.5 ሲባዛ በ4000፣ 18000። ዘጠኝ እጥፍ! የሊትየሙ ባትሪ ብቻውን የጄሎቹን ሦስት እጥፍ ቢያስከፍልሽ እንኳ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የምትከፍዪው ሲሶውን ነው። ጄሉ በየቀኑ ከሠራ ሁለት ዓመት አለፍ ሲል መቀየሩ አይቀርም። ሙቀት ካለበት ደግሞ ይብሳል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፣ እኔም ያየሁት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ይህ ስሌት ግን ባትሪው በየቀኑ ከሠራ ነው። መብራት የሚሄድብሽ በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት ከሆነ ሊትየሙ 4000 ዙሩን ሳይጨርስ ያረጃል። እንዲያ ከሆነ ጄልም ያስኬዳል፣ ዘጠኝ እጥፉም ወሬ ብቻ ይሆናል። ስንት ጊዜና ለስንት ሰዓት እንደሚሄድብሽ አልነገርሽንም። ለአንድ ወር ያህል ወረቀት ላይ መዝግቢው። ከየትኛውም ሻጭ ምክር ይበልጥብሻል።

መጥፋቱ አጭር ከሆነ ሌላም አማራጭ አለ። ማንም ሻጭ በራሱ አያነሳውም፣ ምክንያቱም ሽያጩን ያሳንስበታል። ሃይብሪድ ኢንቨርተሩንና ሊትየሙን ብቻ ግዢ። ባትሪው መብራት ሲኖር ከመስመሩ ይሞላል፣ ሲሄድ ያበራልሻል። ፓኔሉን እጅሽ ሲፈታ ትጨምሪያለሽ። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ነው የጀመረው፤ ፓኔል የገዛው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፣ በጨለማም አልተቀመጠም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በዪ፤ ኢንቨርተሩ የኋላውን ፓኔል ሁሉ የሚችል ይሁን። ኢንቨርተር ሁለቴ መግዛት ኪስ ይጎዳል።

ኢንቨርተር ካነሳን አይቀር፣ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» (እንደ መስመሩ የጠራ ኃይል የሚሰጥ ማለት ነው) የሚል ካልተጻፈበት አትንኪው። ሌላው ዓይነት አምፖል ያበራል፣ ፍሪጅና ማሽን ላይ ግን ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ያግለዋል። የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ትሰሚዋለሽ፤ ቀጭ ይላል፣ አምፖሎቹ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደብዘዝ ይላሉ፣ ከዚያ ፍሪጁ ማጉረምረም ይጀምራል። ጥሩ ኢንቨርተር ይህን ሳያንገራግር ያልፈዋል። 3 ኪሎዋቱም ለአንቺ ዕቃዎች ይበቃል፣ በ5 ኪሎዋቱ ጉልበት ብዙ አትደነቂ። በ48 ቮልት መሥራቱ ግን ቁም ነገር ነው። 3000 ዋት የርካሹ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥለው በሚሰጡት 24 ቮልት ሲሳብ 125 አምፔር ነው፣ በ48 ግን 62 ገደማ። አምፔሩ ሲቀንስ ገመዱ ይቀጥናል፣ መጋጠሚያውም አይግልም።

የርካሹ ፕሮፎርማ ኮንትሮለር (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው) የፓኔሉን ኃይል ከሞላ ጎደል ሙሉውን የሚጠቀመው ኤምፒፒቲ ይሁን ቀለል ያለው ፒደብሊውኤም አልጻፍሽም። ጠይቂያቸው። 450 ዋቱ ፓኔል በ41 ቮልት 11 አምፔር ገደማ ነው የሚሰጠው። ፒደብሊውኤም ቮልቱን ወደ ባትሪው ደረጃ ጎትቶ ያወርደዋል፤ በ27 ቮልት አስቢው፣ 300 ዋት ብቻ ይቀርሻል። የፓኔሉን ሲሶ ከፍለሽ ጣልሽው ማለት ነው።

ፓኔል ላይ ብዙ አልቆይም፤ ከዕቃው ሁሉ የሚያስቸግረው እሱ አይደለም። ጥሩ አምራቾች ለ25 ዓመት ምርቱ ከ80 በመቶ በታች እንደማይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ፣ በዓመት የሚቀንሰውም ግማሽ በመቶ አካባቢ ነው። ሐሰተኛ ዋት ግን አለ። መለኪያው ሜትር ነው። ዛሬ ያለ ጥሩ ፓኔል በካሬ ሜትር ከ200 ዋት ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጣል። ስለዚህ እውነተኛ 450 ዋት ሁለት ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ሰው ካልያዘው የማይመች። አንድ ካሬ ሜትር የማትሞላ ነገር ላይ «400 ዋት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ካየሽ ተሰናበቻቸው።

የተጻፈውንም ዋት ሙሉውን አትጠብቂ። የሚለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ጣሪያ ላይ ግን 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ በዚያ ሙቀት 12 በመቶ ያህል ይጠፋል። አቧራው፣ ገመዱ፣ ኢንቨርተሩ ሲጨመር 75 በመቶውን ያዢ። አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቦታ እያንዳንዱ ኪሎዋት ፓኔል በቀን 3.75 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። የአንቺ ፍጆታ ከነኢንቨርተሩ 4.6 ነው። ሦስቱ ፓኔል 5 ገደማ ያመጣሉ፣ አራቱ 6.75። ሦስቱ ለጠራ ቀን፣ አራቱ ለደመናም ጭምር። ዓመቱን ሙሉ ጥላ የማይደርስበትን ቦታ ምረጪ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የውሃ ታንከር ጥላ የአንዱን ፓኔል ግርጌ ሲነካ የእኔ ማሳያ ላይ ዋቱ በአንዴ በሲሶ ሲወርድ አያለሁ። ጥላው ከአንድ ክንድ አይበልጥም።

ገጠማው ላይ ቁጥብ አትሁኚ። አንድ ዘመዴ ቤት የሶላሩን ሳጥን ከፍቼ ሳይ የብሬከሩ ፕላስቲክ ቡኒ ሆኖ፣ አንዱ ጥግ ቀልጦ አገኘሁት። ፊቱ ላይ ያለው ምልክት የተወዛወዘች መስመር ነበር። እሷ ለኤሲ፣ ማለትም ለቤት መስመር ኃይል ናት። ለፓኔል የሚሆነው ቀጥ ያለ መስመር ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ያለው፣ ዲሲ (ፓኔልና ባትሪ የሚሰጡት ኃይል) የሚል ነው። የኤሲ ኃይል በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ የለውም፣ ብልጭታው እየነደደ ይቆያል። እሳት የሚነሳው ከዚህ ነው። ዲሲ ብሬከር፣ የመብረቅ መከላከያና የመሬት መስመር ፕሮፎርማው ላይ በየራሳቸው መስመር ተጽፈው ይምጡ። «ከነምናምኑ» የሚል ድምር አትቀበዪ።

የውሃ ማሞቂያስ ላልሽው፣ እባክሽ ከባትሪው አርቂው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። የሌሊት ቀለብሽ ባንድ ገላ መታጠብ አለቀ። ውሃውን ራሱን ጣሪያ ላይ በፀሐይ የሚያሞቀው ለብቻው ቢገጠም ይሻላል።

ወጪውን ይመልሳል ወይ ለሚለው፣ የምትቆጥሪው የተጠቀምሽበትን ብቻ ነው። ፓኔሉ 6.75 ቢሰጥሽ፣ 4.6 ከተጠቀምሽ፣ ትርፉንም የሚገዛሽ ከሌለ፣ ቀሪው ጣሪያ ላይ ቀረ። ከዚያ 4.6 ላይም የኢንቨርተሩን ቀለብ ቀንሺ፤ ከሒሳብሽ የወረደው 3.4 ነው። በዓመት 1240 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። በምትከፍዪበት ታሪፍ አባዢውና ጠቅላላ ወጪውን አካፍዪው። ታሪፉ ርካሽ በሆነበት ቦታ መልሱ ከባትሪው ዕድሜ በላይ ሊመጣ ይችላል። እንዲያ ከሆነ የምትገዢው እፎይታ ነው እንጂ ቁጠባ አይደለም፣ ያም ነውር የለውም። አሁን ጄኔሬተር የምታስነሺ ከሆነ ግን ከታሪፉ ጋር ሳይሆን ከነዳጁ ጋር አወዳድሪው፤ መልሱ በጣም ይለወጣል።

እኔ ብሆን ሁለተኛውን እይዛለሁ። መብራት የሚሄደው አልፎ አልፎ ከሆነ ፓኔሎቹን አስቀንሼ ወይም ለኋላ አቆይቼ። ከመክፈልሽ በፊት የኢንቨርተሩን ሞዴል፣ ያለ ሥራ ስንት ዋት እንደሚበላ፣ የአራቱ ፓኔል ቮልት ተደምሮ ኢንቨርተሩ ከሚችለው በታች መሆኑን፣ የባትሪው ዋስትና በስንት ዙርና በስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ አስወጪያቸው። ያንን ወረቀትና የመብራት መጥፋት መዝገብሽን እዚሁ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።