«ታዛቢ» ወይስ «ተቆጣጣሪ»?

ጥያቄ፦ በምርጫ ሰሞን አንዱ ጣቢያ «የአፍሪካ ኅብረት የምርጫ ታዛቢዎች» ሲል ሌላው «የምርጫ ተቆጣጣሪዎች» ይላል። በአንድ ዜና ውስጥ ሁለቱንም የሚቀላቅልም አለ። ትክክሉ የቱ ነው? ደግሞስ «ታዘብኩህ» ወቀሳ ሆኖ ሳለ፣ ገለልተኛ ነው ለሚባል ሰው «ታዛቢ» የሚለው ስም እንዴት ይስማማዋል?

መልስ፦ ከኋለኛው ልነሳ፤ የፊተኛውም መልስ ያለው እዚያው ነው።

«ታዘበ» ማለት ዓይቶ፣ ልብ ብሎ፣ በልቡ መዝግቦ ያዘ ማለት ነው። እንግዳ ሊመጣ ሲል እናት ልጆቿን «ቤቱን አንሡ፣ ሰው ይታዘበናል» ትላለች። እንግዳው ቤቱ እንደተዝረከረከ ቢያይም ተነሥቶ አይጠርግም። ያየውን የሚናገረው ከወጣ በኋላ ነው። የምርጫ ታዛቢም ሥራው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2007 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የአስተዳደር ቻርተር በአንቀጽ 19 ምርጫ የሚያካሂድ የቻርተሩ ተዋዋይ አገር የኅብረቱን ኮሚሽን ታዛቢ እንዲልክ እንደሚጋብዝ ይደነግጋል። ታዛቢው የሚገባው በግብዣ ነው።

ወቀሳው የሚመጣው ከተሳቢው ነው። ተሳቢው ሰው ሲሆን («ታዘብኩህ»፣ «ታዘብናቸው») ቃሉ ቅሬታ ያዝላል። ተሳቢው ሂደት ሲሆን («ምርጫውን ታዘቡ»፣ «ቆጠራውን ታዘቡ») ቅሬታው ይለቃል። ስለዚህ «ታዛቢዎቹ ቦርዱን ታዘቡት» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ ሳያስበው ቦርዱን ወቅሷል፤ «የቦርዱን አሠራር ታዘቡ» ቢል ይድናል። «ትዝብት» ግን ወቀሳውን ይዞ የቀረ ስም ነው፤ «ትዝብት ላይ ወደቀ» እንላለን። የልዑኩን ሰነድ «ሪፖርት» ወይም «ግኝት» ማለት ይሻላል እንጂ «የልዑኩ ትዝብት» ካሉት አንባቢው ገና ሳያነበው ውጤቱን ይገምታል።

«ተቆጣጣሪ» የሚባለው «ቁም» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ትኬት የሌለውን ያስወርዳል። የምርጫ ታዛቢ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2005 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይፋ የሆነው የዓለም አቀፍ ታዛቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል። በጣቢያው ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የድምፅ መስጫ ሳጥኑ ማሸጊያ ላይ ያለው ቁጥር ጠዋት ከተመዘገበው ቁጥር ጋር አልገጥም አለ እንበል። ታዛቢው አስፈጻሚውን መጠየቅ ይችላል። የአገሩ ሕግ ካልከለከለ፣ ሥራ ሳያውክ፣ ስህተቱን እዚያው ሊያመለክት ይችላል። ከዚያ በቅጹ ላይ ሰዓቱንና ቁጥሩን ይጽፋል። ሳጥኑን መንካት፣ «ቆጠራው ይቁም» ማለት፣ የአስፈጻሚውን ውሳኔ መሻር ግን አይፈቀድለትም። ይህን ሰው «ተቆጣጣሪ» ያሉት እንደሆነ አንባቢው «ታዲያ እያየ ለምን ዝም አለ?» ብሎ ይፈርድበታል፤ ያልተሰጠውን ሥልጣን ስሙ ሰጥቶታልና።

እውነተኛ ቁጥጥር የነበረባቸው ምርጫዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የናሚቢያ ምርጫ የተካሄደው በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 435 መሠረት፣ በተባበሩት መንግሥታት ክትትልና ቁጥጥር ሥር ነው። ምርጫውን ያካሄደው ያኔ ናሚቢያን ይገዛ የነበረው የደቡብ አፍሪካ አስተዳደር ቢሆንም የድርጅቱ ልዩ ተወካይ ካልረካ ሂደቱ ወደ ፊት አይሄድም ነበር። እዚህ «ተቆጣጠረ» ልክ ነው። በ1993 በካምቦዲያ ድርጅቱ ራሱ መራጭ መዘገበ፣ ራሱ ድምፅ አስሰጠ፤ ለዚህ ቃሉ «አካሄደ» ነው። በዚያው ዓመት በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ግን የላከው ታዛቢ ልዑክ ነበር። በኮት ዲቯር በ2010 የድርጅቱ ልዩ ተወካይ ውጤቱን የማረጋገጥ ሥልጣን ስለተሰጠው «አረጋገጠ» ቢባል ያስኬዳል። ስያሜው መከተል ያለበት የተሰጠውን ሥልጣን ነው።

ለመቀላቀሉ ጋዜጠኞችን ብቻ መውቀስ አይገባም። የአፍሪካ ኅብረት የ2002 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ራሱ በርዕሱ ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ጠርቷል፤ «ኦብዘርቬሽን» (መታዘብ) እና «ሞኒተሪንግ»። ሁለተኛው ቃል አንዳንድ ጊዜ ጣልቃ የመግባት ሥልጣንን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ መከታተልን ብቻ ያመለክታል። ተርጓሚው ጣልቃ የመግባት ሥልጣን አለ ወይስ የለም ብሎ ይጠይቅ። ከሌለ «ታዛቢ» ይበቃል፤ ወራት የሚቆየውን «የረጅም ጊዜ ታዛቢ» ማለት ይቻላል። የፓርቲ ሰው ግን ታዛቢ አይደለም፣ «ወኪል» ነው፤ ጥቅም አለው፣ አቤቱታም ያቀርባል። በቀደሙት የአገራችን ምርጫዎች ከነዋሪው የሚመረጡ «የሕዝብ ታዛቢዎች» ስለነበሩም «ታዛቢ» ብሎ ብቻ ከመተው የማን እንደሆነ መግለጽ ይገባል።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከስሙ በኋላ የሚመጣው ግሥ ነው። «ታዛቢዎች ምርጫውን አጸደቁ» የሚል ርዕስ ስንት ጊዜ አንብበናል! እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 2017 ኬንያ ድምፅ ሰጠች፤ ከሁለት ቀን በኋላ የአፍሪካ ኅብረትን ጨምሮ ዓለም አቀፍ ታዛቢዎች በአብዛኛው መልካም የሆነ መግለጫ አወጡ። የውጤት ቅጾች ቅብብሎሽ ግን ገና አላለቀም ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተለይ በውጤት አስተላለፉ ላይ ያገኘውን ግድፈት ጠቅሶ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ። «አጸደቁ» ብሎ የጻፈ ሁሉ ያን ዕለት የሚያርመው ነገር ነበረው። «የድምፅ አሰጣጡ ቀን በአመዛኙ ሰላማዊ እንደነበር ታዛቢዎች በመጀመሪያ ደረጃ መግለጫቸው ገለጹ» ብሎ የጻፈ ግን የሚያርመው አልነበረውም። ለታዛቢ የሚስማሙት ግሦች «ገለጸ»፣ «ገመገመ»፣ «ምክረ ሐሳብ አቀረበ» ናቸው። ውጤት የሚያጸድቀው የምርጫው አስተዳደር፣ ክርክር የሚፈታውም ፍርድ ቤቱ ነው።

በእነዚህ መግለጫዎች ላይ «ተዓማኒ» ተብሎ የሚጻፈውም ቃል ይታረም፤ ሥሩ «አመነ» ስለሆነ በአልፉ «አ» «ተአማኒ» ይጻፋል። «ፍትሐዊ» ደግሞ ከ«ፈትሐ» ስለመጣ «ሐ»ን ይይዛል።