ደሜን ለልጄ ካልሰጠሁ ለማን?

ስለ አፕላስቲክ አኒሚያ ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ላላነበባችሁ፦ የአጥንት መቅኒ ደም መሥራት ሲያቅተው የሚመጣ በሽታ ነው። ቀይ የደም ሴል፣ ከበሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴልና ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት አብረው ይወርዳሉ።

ከመንደራ አንዲት እናት፦ ቀይ ሥርና ተልባ ያድነዋል?

ከወደደው ይብላ። መቅኒውን ግን አያስነሳውም።

ከአጋሮ አንድ አባት፦ ልጄ ገርጥቶ የብረት ሽሮፕ ገዝቼለት ነበር። ሦስት ወር ጠጣ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ይነስረዋል፣ እግሩም በልዟል። ሽሮፑን ልቀይር?

ኧረ ወንድሜ! የብረት እጥረት ልጅን ያገረጣል እንጂ አያበልዝም። መገርጣትና መድማት አብረው ከመጡ ዛሬውኑ ሙሉ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። እዚያ ካልተቻለ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይዘውት ይምጡ። የመቅኒ ናሙና እንውሰድ ቢሏችሁ እሺ በሉ፤ የደም ካንሰርም እንዲሁ ሊጀምር ይችላል። እስከዚያው አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይቅመስ፣ መቀመጫውም ላይ መርፌ አያስወጉት።

ለክፍል ጓደኞቹ ይተላለፋል?

አይተላለፍም። ይልቅ እሱን ከጉንፋናሞች ጠብቁት።

ከሂርማታ ገበያ አካባቢ አንድ አባት፦ የሰባት ዓመት ልጄ በሽታው ከባድ ደረጃ ላይ ነው። አጎቶቹ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ደም ሊሰጡት ቢመጡ ሐኪሙ «የቤተሰብ ደም አንሰጠውም» አሉ። ደማችንን ናቁት?

ቅያሜዎ ይገባኛል። ሐኪሙ ግን ልክ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ቀዳሚው ሕክምና መቅኒው ከሚስማማ ወንድም ወይም እህት የሚደረግ ንቅለ ተከላ ነው። የዘመድ ደም ቀድሞ ከገባ ሰውነቱ የቤተሰቡን ሴል እንደ ባዕድ ማየት ይጀምራል። ኋላ የእህቱ መቅኒ ሲመጣ አልቀበልም ሊል ይችላል። አጎቶቹ እጅጌያቸውን አያውርዱ፤ ለደም ባንክ ይስጡ። ፕሌትሌት የሚቆየው ለጥቂት ቀን ስለሆነ ሰጪ ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

የእናት አባቱን ልጆች በሙሉ ያስመርምሩ። እያንዳንዳቸው የመስማማት ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። የሚስማማ ከጠፋ ኤቲጂና ሲክሎስፖሪን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ብዙ ጊዜ መቅኒውን የሚያጠቃው የራሱ የሰውነት መከላከያ ስለሆነ እሱን ያበርዱታል። ለውጡ ወራት ይፈጃል። «ተሻለው» ብላችሁ ሲክሎስፖሪኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ያገረሻል።

የእህቴ ልጅም ይኸው በሽታ አለበት። ቁመቱ አጭር፣ አውራ ጣቱም ከልደቱ ትንሽ ናት። ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል በዘር የሚወረስ ዓይነት አለ፤ ሕክምናው ይለያል፣ መቅኒ የሚሰጠው ወንድምም ለዚሁ መመርመር አለበት። ይሄን እኔ ጋ ሳይሆን የልጆች የደም ሐኪም ጋ ነው የምትጨርሱት። የልጁን አውራ ጣት ማሳየት አትርሱ፤ ሐኪሙ ሳያያት ሊያልፍ ይችላል።

ሌሊት ቢያተኩሰው ፓራሲታሞል ሰጥቼ ልንጋ?

በፍጹም። ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ልጅ 38 ዲግሪ ከደረሰ ባጃጅም ቢሆን ለምናችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። «የመቅኒ ሕመምተኛ ነው» ብላችሁ በር ላይ ተናገሩ፣ ወረፋ አትጠብቁ።