ዜሮዎቹን የት አደረሳችኋቸው? አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ለሚያመሹ የድሬ ልጆች

አቦ የድሬ ልጆች፣ ሐረር ያላችሁም፣ ይቺን ለእናንተ ብዬ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ቲሲስ ዳታ ስተነትን ነው፣ አሁን አሁን የሚመጡልኝ ልጆች ቤይዥያን፣ ማለትም መልሱን በአንድ ቁጥር ሳይሆን በፕሮባቢሊቲ ስርጭት የሚሰጠውን የስታቲስቲክስ ስልት፣ ይዘው ነው የሚመጡት፣ በጣም ደስ ይለኛል፣ ግን ሰንጠረዡ ላይ ፒዲ 97.5 በመቶ ብለው ይጽፉና ምን ተቆጥሮ ነው የመጣው ስላቸው ዝም ይላሉ።

ፒዲ የአቅጣጫ ፕሮባቢሊቲ ነው። ሞዴሉ ዳታውን አይቶ ካወጣቸው የፖስቴሪየር ናሙናዎች፣ ማለትም ኢፌክቱ ሊሆናቸው ከሚችላቸው ቁጥሮች፣ ስንቱ ከዜሮ በላይ ስንቱ ከዜሮ በታች እንደሆነ ተቆጥሮ የሚበዛው ወገን ድርሻ፣ በቃ። ቤይስቴስትአር (bayestestR) የሚባለው የአር ነጻ ፓኬጅ ይሠራላችኋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 በመቶ ነው የሚሄደው፣ 97.5 ሲሆን በተለመደው ስታቲስቲክስ የምታውቁት የሁለት ወገን ፒ ቫልዩ 0.05 አካባቢ ነው። የኢፌክቱን ትልቅነት ግን አይነግራችሁም። ዝቅ ስላለም "ኢፌክት የለም" ብላችሁ እንዳትጽፉበት፣ ምክንያቱም ኢፌክቱ እውነትም ዜሮ ሲሆን ፒዲ 50 ላይ አይሰበሰብም፣ እስከ 100 ድረስ የትም ይወድቃል።

አሁን ወደ ዜሮዎቹ። በ2014 ዓ.ም. ድሬን ያመሰውን ወባ ታስታውሳላችሁ፣ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባው ስቴፈንሲ ትንኝ ያለበትን። እንበልና ሮቶ መክደን ወባ ይቀንሳል ወይ ብላችሁ ብዙ ሞዴል ሠርታችሁ አማካይ አወጣችሁ። ሮቶው የሌለበት ሞዴል ለሮቶው የሚሰጠው ኮኤፊሸንት፣ ማለትም የኢፌክቱ ቁጥር፣ ልክ 0 ነው። ከሁሉም ሞዴል ተቀላቅሎ ከመጣው 4000 ናሙና 2600ው ዜሮ፣ 1100ው ቀነሰ የሚል፣ 300ው ጨመረ የሚል ሆነ እንበል። ፒዲው ስንት ነው? ከጠቅላላው ከቆጠራችሁ 27.5 በመቶ። ዜሮዎቹን ከጣላችሁ 78.6። ለሁለት ካካፈላችኋቸው 60። ተቃራኒውን ብቻ ከ100 ከቀነሳችሁ ደግሞ 92.5። ያው ዳታ፣ ያው 4000 ቁጥር! የሚዲያኑን ምልክት ተከተል የሚለው ትርጉምም አያወጣችሁም፣ ሚዲያኑ ራሱ ዜሮ ነዋ። 27.5ን ወደ ፒ ቫልዩ በሚቀይረው ቀመር ብታስገቡት፣ ማለትም ከ1 ቀንሳችሁ በ2 ብታባዙት፣ 1.45 ይወጣል፣ ከ1 የበለጠ ፕሮባቢሊቲ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ናሙናውን ቀጥታ ሳይቆጥር በዴንሲቲ፣ ማለትም በለስላሳ ኩርባ፣ የሚያሰላው ዘዴ ደግሞ ዜሮ ላይ የተከመረውን ለብቻው አያየውም፣ ወደ ግራና ቀኝ ይበትነዋል።

እኔ 27.5 ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ ከ50 መውረዱ ራሱ ትልቅ ወሬ ነው፣ ልክ ዜሮ ላይ የተከመረ ናሙና አለ ማለት ነው፣ ጎን ለጎን 65 በመቶው ዜሮ መሆኑ እስከተጻፈ ድረስ። ሌላ ሰው ሌላ ሊመርጥ ይችላል፣ ግን መርጦ ይጻፈው፣ ኮዱ ውስጥ ተደብቆ እንዳይቀር።

እንዲህ ያለ ነገር ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ለማስተካከል እጃችሁን ስታስገቡ እባካችሁ ቀመሩን ዝም ብላችሁ አትቀይሩ። ዲፌንሷ የደረሰ አንዲት ልጅ ፓኬጁን አፕዴት አድርጋ ሰንጠረዧ በአንድ ሌሊት ከ92.5 ወደ 27.5 ቢወርድባት ማን ነው የሚያስረዳላት? የለውጥ መዝገቡ ላይ ምን እንደተቀየረ፣ የማን ውጤት እንደሚነካና የማን እንደማይነካ በግልጽ ጻፉ፣ ልክ ዜሮ የሆነ ናሙና የሌለው ሰው ምንም አይነካውም፣ ይህን ማንበብ ብቻውን ብዙ ሰው ያሳርፋል። አሮጌው አሠራር ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ በአማራጭ ይቆይ፣ ሲጠሩትም ማስጠንቀቂያ ያውጣ። ደግሞ 4000 ናሙና ይዞ ፒ እኩል ነው 0 ብሎ የሚያትም ካገኛችሁ እሱንም ንኩት፣ አንዷ ናሙና ብቻ 0.025 በመቶ ናት፣ ለሁለት ወገን በ2 ስትባዛ 0.0005፣ ስለዚህ ከ0.0005 በታች ብሎ ማተም ይበቃዋል።

እንግሊዝኛዬ አይችልም ብላችሁ ደግሞ አትቅሩ፣ በተለይ እናንተ ሴቶቹ፣ ኮድ ከማንም በላይ እያነበባችሁ ዝም የምትሉት። በእጅ የተጻፉ አስር ቁጥሮች፣ ግማሾቹ ዜሮ፣ የጠበቃችሁትን መልስ፣ ኮዱ የሰጣችሁን መልስና የፓኬጁን ቨርዥን ጨምራችሁ ለፓኬጁ አዘጋጆች ላኩላቸው፣ ያችኑ አስር ቁጥር ቴስት አድርገው ያስቀምጧታል።