አደይ ሊያሳዩ ለሚወጡ አዲስ መሪዎች፦ የመስከረም ጥያቄዎቻችሁ

መስከረም ሲጠባ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ወንጪ ይወጣሉ። ዘንድሮ የጻፉልኝ አብዛኞቹ ደግሞ ሰው ይዘው የሚወጡ አዲስ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

አደይን ለማየት መቼ እንውጣ?

ከመስቀል በፊት። ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ የሚጠብቃችሁ ደረቅ አገዳ ነው።

አንዱ ለጉዞው ብሎ ውድ ጫማ ሊገዛ ነው።

ተው። የማያዳልጥህን የለመድከውን ጫማ አድርግ። አዲስ ጫማ ተራራ ላይ የሚያስመርቅ ሰው እግሩ ውሃ ቋጥሮ ነው የሚመለሰው።

አንዲት እህት የፊታችን እሑድ እንጦጦ ላይ ሃያ ምናምን ጀማሪዎችን ትመራለች። የአበቦቹን ስም ስለማታውቅ እንቅልፍ አጥታለች። "ሲጠይቁኝ ዝም ብዬ ስም ልፍጠር እንዴ?" ትላለች።

አትፍጠሪ። "አላውቀውም፣ ፎቶ አንሥተን እንጠይቅ" ማለት ማንንም አያሳፍርም። አደይን፣ ማገትን፣ ቀጋንና ኮሸሽላን ከለየሽ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃሻል። ሳማንና አስተናግርን ግን የግድ እወቂ። አንዱ ይለበልባል፣ ሌላው መርዝ ነው። ልጆች ካሉ ገና ሳትነሡ አሳዪያቸው።

ከስም ይልቅ የሚታይ ነገር ስጪያቸው። አንድ አደይ ጋ ቁጭ በሉ። አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠል መሳዮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ደቃቅ አበቦች ታጭቀዋል። ይህን ያየ ሰው ቀኑን ሙሉ እያጎነበሰ ነው የሚሄደው። ፍጥነቱም በዚያው ይበርዳል፤ እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የአበባ ስም ሳይሆን የሰልፉ ጭራ ነው። አዲስ መሪ ሁሉ ፊት መሆን ይወዳል። ፊት ያሉት እንደ ፍየል ሽቅብ ይወጣሉ፣ ኋላ የቀሩት ትንፋሽ አጥሯቸው ያፍራሉ፣ ሁለተኛ አይመጡም። ስለዚህ ከሁሉ የበረታውን ባልደረባሽን መጨረሻ ላይ አድርጊ፤ ማንም ከእሱ ኋላ እንዳይቀር። በየማረፊያው ሰው ቁጠሪ። ደግሞ ይህን ልብ በይ፦ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ "በሉ እንነሣ" አይባልም። ሌሎቹ አረፉ እንጂ እሱ መች አረፈ? እሱም ውሃ ይጠጣ፣ ይቀመጥ።

የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ ትናንት የገባ እንግዳ ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። አሳርፊው። ካልተሻለው ሰው ጨምረሽ ቁልቁል መልሽው። "ትንሽ ነው የቀረን" ብለሽ አትጎትችው።

አባት ናቸው። ልጆቻቸው አንዳንድ እቅፍ ቢቀጥፉ ምን ክፋት አለው ይላሉ።

አንድ ዘለላ ከሆነ ምንም የለውም። እቅፍ ሲሆን ግን አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል መሆኑን ያስቡ። ስድሳ ሰው አንዱን ተዳፋት እቅፍ እቅፍ አድርጎ ከወረደ ለከርሞ የሚረግፍ ዘር ከየት ይመጣል? ለበዓሉ ወይም ለደመራው ከፈለጉ ከተማ ውስጥ እየዞሩ ከሚሸጡት ልጆች ይግዙ፤ ለእነሱም ደብተር መግዣ ይሆናቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ከተጓዦቹ አንዱን ውሻ ነከሰው፤ "ጭረት ናት" ተብሎ ጉዞው ቀጠለ። ለሚቀጥለው ምን እናድርግ ይላሉ።

የሚቀጥለውን ተዉትና ያንን ሰው አሁኑኑ ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ደውሉለት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ዘገየን ብላችሁም አትቅሩ። ለወደፊቱ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ አድርሱ። ሥር የሚሰጥ አዋቂ አለ የሚላችሁን አትስሙ።

ዝናቡስ?

መስከረምም ይዘንባል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተነሡ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ከሸንተረሩ ውረዱ። ካጉረመረመ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ቁልቁለት ላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፦

ሐኪም ይየው። እስከዚያው ዱላ።

ስፒከር ይዤ ልምጣ ወይ ላልከው ወንድሜ፦

አይ።