ታብና ስፔስ ያጣላችሁ ኑ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሙሉ ከሰዓቱን የበላበትን ፋይል ላከልኝ። ጥፋተኛው አንድ ታብ ነበር፤ የታብ ቁልፍ ሲመታ የሚገባው ዝላይ፣ ከተራው ባዶ ቦታ ከስፔስ ጋር በዓይን የሚመሳሰለው። አንድ! ስለዚህ ዛሬ ያላችሁን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ትእዛዞቹን በራሳችን ፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በእንግሊዝኛ፣ በትንሹ ፊደል ጻፏቸው። ካፒታል ያልኩትን ብቻ ካፒታል አድርጉት።

ጥያቄ፦ ፋይሌ ውስጥ ያለው ታብ ይሁን ስፔስ እንዴት ልለይ?

በዓይን አይለይም፣ አትድከም። ፋይል የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ «ካት -ኤ» ብለህ የፋይሉን ስም አስከትል፤ ኤዋ ካፒታል ናት። ታብ ባለበት ሁሉ የጣሪያ ምልክት (^) እና ካፒታል አይ ይወጣልሃል፣ መስመሩ ሲያልቅ ደግሞ የዶላር ምልክት። ስፔስ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ማክ ላይ ከሆንክ «ካት -ኢቲ» በል። ከዶላሩ በፊት ጣሪያና ካፒታል ኤም ካየህ ፋይሉ ከዊንዶውስ የመጣ ነው፤ እሱን «ዶስ2ዩኒክስ» የሚባለው ትእዛዝ ያጸዳዋል። ምንም ከመንካትህ በፊት መጀመሪያ ይሄን እይ።

ጥያቄ፦ በሴድ (ጽሑፍ ፈልጎ በሚተካው ትእዛዝ) እያንዳንዱን ታብ በ4 ስፔስ ተካሁት። ኮዱ ይሠራል፣ ግን ከመስመሮቹ ጎን ተሰልፈው የነበሩት ኮመንቶች (ለአንባቢ የተጻፉት ማስታወሻዎች) ተበታተኑ። ለምን?

ታብ 4 ስፔስ ማለት ስላልሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው የሚሳሳተው። ታብ ማለት «እስከሚቀጥለው ፌርማታ ውሰደኝ» ማለት ነው። ፌርማታዎቹ በየ8 ዓምዱ ናቸው እንበል። ሁለት ፊደል ጽፈህ ታብ ስትመታ 6 ዓምድ ይዘላል፤ ሰባት ፊደል ጽፈህ ስትመታ ግን አንድ ብቻ፣ ምክንያቱም ፌርማታው አጠገብህ ነው። ሴድ ፌርማታ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ታብ ባየ ቁጥር አራት ስፔስ ጥሎ ያልፋል። የሚቆጥርልህ ታብን ወደ ስፔስ የሚቀይረው ትእዛዝ፣ ኤክስፓንድ ነው፦ «ኤክስፓንድ -ቲ 4 አሮጌ.ፓይ > አዲስ.ፓይ»። ቁጥር ካልሰጠኸው 8 ይወስዳል። ስለዚህ ፋይሉን የጻፈው ሰው ኤዲተር ስንት ላይ እንደነበር ካላወቅክ 4 እና 8 ሁለቱንም ሞክርና ኮመንቶቹ የተሰለፉበትን ያዝ። ሊኑክስ ላይ «-አይ» ብትጨምርበት የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ብቻ ይቀይራል። በጥቅስ ውስጥ ሆን ተብሎ የገባ ታብ ካለህ ያቺ ፊደል ታድንሃለች።

ጥያቄ፦ ጉድ ሆኛለሁ። ውጤቱን እዛው ፋይል ላይ መልሼ ልጻፍ ብዬ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ቀረ!

አይዞሽ፣ ያልደረሰበት የለም፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። ሼሉ (ትእዛዝሽን ተቀብሎ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኤክስፓንድን ከማስነሳቱ በፊት የቀስቷን ምልክት አይቶ ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል። ኤክስፓንድ ሲደርስ የሚያነበው ነገር የለም። ፋይሉ ጊት (የፋይል ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ውስጥ ከነበረ «ጊት ቼክአውት --» ብለሽ ስሙን ጻፊ፣ መጨረሻ በ«ጊት አድ» ወይም በኮሚት ጊት ውስጥ ያስመዘገብሽው ይመለሳል። ከዚህ በኋላ ግን ሁልጊዜ ወደ ሌላ ስም ጻፊ፣ ከዚያ «ዲፍ -ደብሊው» አሮጌውንና አዲሱን ታብና ስፔስ ሳይቆጥር ያስተያይልሽ። ምንም ካላወጣ ከክፍተት በስተቀር የተነካ ነገር የለም ማለት ነው። ስሙን በኤምቪ (የፋይል ስም በሚቀይረው ትእዛዝ) ስትመልሺው ስክሪፕት ከሆነ የማስነሳት ፈቃዱን ያጣል። «ካት አዲስ > አሮጌ» ብትይው ግን ፈቃዱ እንዳለ ይቆያል። ይሄ ሁሉ ከሰለቸሽ ሞርዩቲልስ የሚባለውን ጥቅል ጫኚና ስፖንጅን ተጠቀሚ፤ ሁሉንም አንብቦ ሲጨርስ ነው የሚጽፈው።

ጥያቄ፦ ተቃራኒውስ? ስፔስ ወደ ታብ።

አንኤክስፓንድ የሚባለው ትእዛዝ ነው። አንድ ወጥመድ አለው፦ ዝም ብለህ ስታስነሳው የመስመሩን መጀመሪያ ብቻ ይቀይራል፣ «-ቲ 4» ስትለው ግን መሃል ያሉትንም መንካት ይጀምራል። ካልፈለግክ «--ፈርስት-ኦንሊ» ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱን ስም በአማርኛ፣ ከዚያ ታብ፣ ከዚያ የከፈሉትን ብር ጽፌ ለማተም በኤክስፓንድ ቀየርኩት። የብሩ ዓምድ እንደ ሰካራም ተወላገደ። በእንግሊዝኛ ስሞች ስሞክረው ቀጥ ይላል።

ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ብዙ ቦታ ያለው ኤክስፓንድ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ ባይት ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲሆን የኛ እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ሦስት ባይት ይይዛል። ፌርማታውን በየ16 አድርገውት ከሆነ «አበበ» ሦስት ፊደል ስለሆነ 13 ስፔስ ያስፈልገዋል። ኤክስፓንድ ግን 9 ነው ብሎ 7 ብቻ ይሰጠዋል። «ጥሩነሽ»ን ደግሞ 12 ብሎ ይቆጥርና 4 ስፔስ ይሰጣታል። የአበበ ብር 10 ዓምድ ላይ፣ የጥሩነሽ 8 ላይ ያርፋል፤ መወላገዱ ይሄ ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ልጅ አጠገብዎ ካለ «ኤክስፓንድታብስ» የሚለውን ይጠቀምልዎ፣ እሱ ፊደል ነው የሚቆጥረው። ፎንቱም የፊደሎቹ ስፋት እኩል የሆነ ይሁን፣ አለዚያ ቆጠራው ልክ ሆኖም ዓይን ላይ ይዛነፋል። ባለ ታቡን ፋይል ደግሞ እንዳይጥሉት፣ ኤክሴል ላይ በዓምድ በዓምዱ የሚከፈትልዎ እሱ ነው። ኮድ ለምትጽፉ፦ የመስመር መጀመሪያ ላይ ከታቡ በፊት ፊደል ስለሌለ ይሄ ችግር አይነካችሁም።

ጥያቄ፦ ሜክ (ፕሮግራም የሚገነባው መሣሪያ) «ሚሲንግ ሰፐሬተር»፣ መለያ ጎድሏል፣ እያለ አስቸገረኝ።

ፋይሎችህን በሙሉ ወደ ስፔስ ስትቀይር የሜክን ትእዛዞች የያዘውን ሜክፋይልም አብረህ ቀይረኸዋል፣ አይደል? ሜክ የትእዛዝ መስመር በታብ ካልጀመረ አይቀበልም። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 (እ.ኤ.አ.) ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሲሠራው እንዲሁ አደረገው። ነገሩ እንደማያምር ሲገባው ደርዘን ያህል ተጠቃሚ ነበረው፣ እነሱን ላስቸግር አልፈለገም። ይኸው እኛን ያስቸግረናል። እነዚያን መስመሮች ወደ ታብ መልሳቸው።

ጥያቄ፦ የቅንብር ፋይል የሚጻፍበት ያምልስ?

እሱ በተቃራኒው ነው፣ ለኢንደንቴሽን (ለመስመር መጀመሪያ ክፍተት) ታብ አይፈቅድም። ፓይተን 3 ሁለቱን አደበላልቀህ ስታመጣበት ይጮኻል። ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ በራሱ መሣሪያ ወደ ታብ ይመልሰዋል፣ ተወው።

ጥያቄ፦ ቡድናችን ሁሉንም ወደ ስፔስ ለመቀየር ተስማማ። ምን እንጠንቀቅ?

ለብቻው አንድ ኮሚት አድርጉት፣ ሌላ ለውጥ አትቀላቅሉበት። እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው የሚያሳየው «ጊት ብሌም» ግን የተቀየረውን መስመር ሁሉ የቀያሪው ሥራ ያደርገዋል፣ ስህተት በተገኘ ቁጥር ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው። «ጊት ብሌም -ደብሊው» ክፍተቱን ትቶ እውነተኛውን ጸሐፊ ያሳያችኋል። ከጊት 2.23 ወዲህ ደግሞ «--ኢግኖር-ሬቭ» ብላችሁ ያንን ኮሚት ማስዘለል ትችላላችሁ። ፎቶና መሰል ፋይሎችን በጅምላ ኤክስፓንድ ውስጥ አታስገቡ፣ ይበላሻሉ። የሚቀየሩትን በፋይል ዓይነት ምረጡ።

ጥያቄ፦ ኮድ ከአንድ ድረ ገጽ ቀድቼ ለጠፍኩ። ኤክስፓንድ አደረግኩት፣ ታብ አንድም የለም፣ ፓይተን አሁንም አይቀበለኝም። በካት ሳየው «ኤም-ቢኤም-» የሚል ነገር ተደርድሯል።

እሱ ስፔስ መሳይ ነው። ድረ ገጾች መስመር እንዳይሰበር የሚያስገቡት የማይሰበር ስፔስ ይባላል። ለዓይን ስፔስ ነው፣ ለፓይተን ግን ባዕድ ነው፤ ኤክስፓንድም ታብ ስላልሆነ አይነካውም። ኤዲተርህን ክፈት፣ አንዷን እዛው ካለችበት ኮፒ አድርገህ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ለጥፍ፣ በተራ ስፔስ ሁሉንም ተካ። ከዚያ እንደገና በካት እየውና ካልጠፋ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ላክልኝ።